ዝግ ሲል የሚሻክር ድምፅ

ሐምሌ 6

ከጧት ጀምሮ ዝናብ። መሪጌታ ገብረ ኪዳን የደብሩን አምፕሊፋየር በላስቲክ ጠቅልለው ራሳቸው ተሸክመው መጡ። በሰው ቢልኩት ይጥለዋል ብለው ፈርተው ነው። መብራት ጠፍቶ ሲመለስ ነው የተቃጠለው። ከፍቼ አየሁት። ሁለቱም የመውጫ ትራንዚስተሮች ሄደዋል፤ ባያሱን፣ ለእነሱ የሚሰጠውን ትንሽ ቮልቴጅ፣ የሚይዘው እቃም አብሮ ሄዷል።

«ለፍልሰታ ይደርሳል?» አሉኝ።

«ይደርሳል፣ መሪጌታ።»

መንገዱ ከተዘጋ ወዲህ ከአዲስ አበባ እቃ አይገባም። ከአንድ የሞተ አምፕ ላይ ትራንዚስተሮቹን ነቅዬ አዛወርሁ። ለባያሱ ሁለት ዳዮድና አንዲት ማስተካከያ አስገባሁ፤ ማስተካከያዋን ሻካራው ድምፅ እስኪጠፋ ድረስ ቀስ እያልሁ አዞርሁ። ይህን ሁልጊዜ በጆሮዬ ነው የምሠራው። ደብረ ማርቆስ ያስተማሩን ሰውዬ «ቴስተር ይዋሻል፣ ጆሮ አይዋሽም» ይሉን ነበር። ዛሬ ሻካራው ቶሎ ጠፋ። ከጠበቅሁት ቀድሞ ጠፋ።

ሚስቴ ይርጋነሽ በሱቃችን በር ላይ ልብስ ትሰፋለች፤ እኔ ከውስጥ እጠግናለሁ። የስፌት መኪናዋን አቁማ «አለቀ?» አለችኝ። አለቀ አልኋት። ትንሽ ቆማ አየችኝና ወደ መኪናዋ ተመለሰች።

ሐምሌ 8

ከጎናችን ቅባትና ሽቶ የምትሸጠው ስርጉት በጧት መጣችና በሩ ላይ ቆማ «ሱቄ ተመረቀ» አለችኝ። አስፍታው ይሆናል ብዬ «እሰይ! እንኳን ደስ ያለሽ፣ ይጨምርልሽ» አልኋት። አፍጥጣ አይታኝ ሄደች።

ማታ ይርጋነሽ፦ «ተሰረቀ ነው እኮ ያለችህ። ቁልፉን ሰብረው ገብተው ጠራርገው ወስደውባታል። አንተ እንኳን ደስ ያለሽ ትላታለህ?»

ተሰረቀ አላለችም። ብላም ከሆነ አፏን በነጠላ ሸፍና ነው። የዚህ ከተማ ሰው አነጋገሩ ተበላሽቷል። ሁሉም ወደ ውስጡ ያጉረመርማል። ጊዜው ይሆናል፤ ሰው ጮክ ብሎ መናገር ፈርቷል።

ሐምሌ 13

መሪጌታ አምፑን ይዘው ተመለሱ።

«መንግስቴ፣ ሲጮህ ግሩም ነው» አሉ። «ስብከት ላይ እንከን አይወጣለትም። ዝግ ብዬ ሳዜም ግን ይሻክራል። የቃሉን ጫፍ ጫፍ ይፍቀዋል።»

አበራሁትና ማይኩን ሰጠኋቸው። በለሆሳስ ትንሽ አዜሙ።

«ይኸው፣ ጥርት ያለ ነው» አልኋቸው።

መሪጌታ ይርጋነሽን አዩ። ይርጋነሽ እሳቸውን አየች።

«ምንም አልተሰማህም?»

«የሚሰማ ነገር የለም፣ መሪጌታ።»

«እንግዲህ የኔ ጆሮ አርጅቶ ይሆናል» ብለው ወጡ። አምፑን ግን ትተውት ነው የሄዱት።

ሐምሌ 14

ቆርቆሮው ላይ ዝናብ እየወረደ ማንም ቢሆን ድምፅ መለየት አይችልም።

ቢሆንም ለካሁት። ሁለቱ ትራንዚስተሮች እንደ ቀኝና ግራ መዘምራን ናቸው። አንዱ የድምፁን ላይኛ ግማሽ ይይዛል፤ ሌላው ታችኛውን። አንዱ ሲጨርስ ሌላው ይቀበላል። ሥራ በሌላቸው ሰዓትም ነቅተው እንዲጠብቁ ትንሽ ቮልቴጅ ይሰጣቸዋል፤ ባያስ የምንለው ይህንን ነው። ካነሰ ሁለቱም ያንቀላፋሉ፤ በቅብብሉ ላይ ክፍተት ይፈጠራል። ድምፁ ጮክ ካለ ክፍተቱ ይዋጣል። ዝግ ሲል ይሻክራል።

ወደ አንድ ነጥብ ስምንት ቮልት መሆን ነበረበት። አንድ ነጥብ ሦስት ነው። በጆሮዬ ሳስተካክለው በግማሽ ቮልት አጉድዬዋለሁ። የቴስተሩ ባትሪ ደክሞ ይሆናል ብዬ አዲስ ባትሪ አስገባሁ።

ያው ነው።

ሐምሌ 19

ሥራ በዝቷል። ሰው ዜና ስለሚፈልግ የተቀመጠ ሬዲዮን ሁሉ እያወጣ ያመጣል።

ይርጋነሽ በሩ ላይ ከአንድ ገበሬ ጋር ስታወራ «ጮክ በሉለት» ስትል ያዝሁ። ስለ ሬዲዮኑ ይሆናል።

ዘንድሮ የማታ ፌንጣ የለም። ሌላ ክረምት እንቅልፍ ይነሳ ነበር። የጤፍ መድኃኒቱ ፈጅቶት ይሆናል። ለይርጋነሽ ነገርኋት። ወደ መስኮቱ ዞራ አዳመጠችና መልሳ እኔን አየችኝ።

ሐምሌ 24

ከሰዓት በኋላ ኔትወርክ መጣ። ሞጣ ስጦታው ጋ ደወልሁ። ደብረ ማርቆስ አብረን ነው የተማርነው፤ እሱም እንደኔ የጥገና ሱቅ አለው። ስልኩን በድምፅ ማጉያው ነው የማወራው፤ እጄ ለሥራ ነፃ እንዲሆን ነው። ይርጋነሽ ከጎኔ እጀ ጠባብ ስታጥፍ ነበር።

ስለ መሪጌታ አምፕ ነገርሁት።

«አሁንም በማስተካከያ ነው እንዴ የምትሠራው?» አለኝ። «ኤልኢዲ አድርግበት። ቀይዋን፣ ተራዋን፣ ቻርጀር ላይ የምትበራዋን። ሦስት ዳዮድ የሚይዘውን ቮልቴጅ እሷ ብቻዋን ትይዘዋለች። ማዞር የለ፣ ማስተካከል የለ።»

«በጆሮ ማዳመጥስ?»

«ምን ያደርግልሃል? ከበራች ባያሱ አለ፣ ካልበራች የለም። በዓይንህ ታየዋለህ።»

ይህ ጥሩ ነገር ነው። ቀጥሎ መስመሩ መቆራረጥ ጀመረ። «አሉሚኒየሙን» ሲል ያዝሁት፤ የትራንዚስተሮቹን ግለት የሚያበርደውን ማለቱ ነው። «አታስነካው፣ ተወው» አለ። ሁለት ጊዜ ደገመው። ገባኝ አልሁት። ተቋረጠ።

ዳዮድ ሲሆን ከአሉሚኒየሙ ጋር እናስነካዋለን። ትራንዚስተሩ ሲግል ዳዮዱም ይግልና ቮልቴጁን ይቀንሳል፤ አለዚያ ግለት ግለትን እየጠራ ይሄዳል። ኤልኢዲ ግን ፕላስቲክ ናት። እንዳትቀልጥ ይሆናል። ስጦታው የሚናገረውን ያውቃል።

ሐምሌ 25

ከተበላሸ ቻርጀር ላይ ቀይዋን ነቅዬ አስገባኋት። ከአሉሚኒየሙ አርቄ፣ በሁለት ሽቦ አንጠልጥዬ ነው። ስከፍተው በራች። ቴስተሩም አንድ ነጥብ ስምንት አለ። ከዚህ በኋላ ማንም ይሻክራል ቢለኝ መብራቷን አሳየዋለሁ።

ስበይድ ይርጋነሽ ከኋላዬ ቆማ የሆነ ነገር አለች።

«እ?» አልኋት።

«ምንም» አለች።

ነሐሴ 1

ጾመ ፍልሰታ ገባ። መሪጌታ ኪዳን ካደረሱ በኋላ በሱቁ በኩል አለፉ። ሁለት እጃቸውን ዘርግተው «አሁን ማር ሆነ!» አሉኝ። ይህን በደንብ ሰማሁ። ሲደሰቱ ጮክ ብለው ነው የሚናገሩት።

አምፑን የሚከፍተውና የሚዘጋው ዲያቆን ኃይለ ሚካኤል ነው። በክዳኑ ቀዳዳ የምትታየው ቀይዋ መብራት ከጠፋች እንዳይነካው ነግሬዋለሁ። ጠንቃቃ ልጅ ነው፤ ሃያ ዓመት አልፎታል፤ ድምፁም ያማረ ነው ይላሉ።

ነሐሴ 9

ብርድ። ጭጋግ። አምፑ ደኅና ነው። ጉንደ ወይን ካለ ደብርም ሰው ልከውብኛል፤ መንገድ ሲከፈት እመጣለሁ አልሁ።

ከይርጋነሽ ጋር ብዙ አንነጋገርም። መኪናዋ ትጮኻለች፣ እኔም ሥራ አለብኝ።

ነሐሴ 16

በዓሉ ላይ ሞንታርቦው ድው አለ። ሰው ተኩስ መሰለው። ሮጠ። እማሆይ ወለተ ሥላሴ ወደቁ። ነገ እጽፋለሁ።

ነሐሴ 17

ከሳምንታት በኋላ ትናንት ፀሐይ ወጣች። ሰው ቅጥሩን ሞልቶት ነበር። አምፑን መስኮቱ ሥር፣ ፀሐይ የሚያገኘው ቦታ ላይ ነበር ያስቀመጡት፤ አስበውበት አይደለም፣ ሽቦው የሚደርሰው እዚያ ድረስ ስለሆነ ነው። ከቅዳሴ በኋላ ረጅም ስብከት ነበር፣ ቀጥሎ መዝሙር። እኔ በሩ አጠገብ ቆሜያለሁ። ድው ማለቱን ያወቅሁት በደረቴ ነው። ከዚያ ሰው ሁሉ ወደ እኔ ሲመጣ አየሁ። አፋቸው ተከፍቷል። በዚህ ጊዜ ማን ቆሞ ምን እንደሆነ ያጣራል?

እማሆይ ወለተ ሥላሴ እንደ ሁልጊዜው በመቋሚያቸው ተደግፈው ከግንቡ ሥር ቆመው ነበር። አልሮጡም። የሮጡት ናቸው ገፍተው ደረጃው ላይ የጣሏቸው። በጋቢ ተሸክመን ስናወጣቸው ዓይናቸው ክፍት ነው፤ ድምፅ አላሰሙም። ወይም አሰምተው ይሆናል።

ዛሬ አምፑን ከፈትሁት። ሁለቱም ትራንዚስተሮች ከውስጥ ተቃጥለው ተጣብቀዋል። አሉሚኒየሙ ላይ የነበረው ሙቀት አስተላላፊ ነጭ ቅባት ደርቆ ቡናማ ሆኗል። ይህ የአንድ ጊዜ መብረቅ ወይም የመብራት መዋዠቅ ሥራ አይደለም። ቀስ እያለ የጋለ ነገር ነው። ኤልኢዲዋ ምንም አልሆነችም። በባትሪ ሞከርኋት፣ በራች። ከአሉሚኒየሙ ርቃ ስለነበር መጋሉን አላወቀችም።

ሰው ሁሉ መብራቱ ነው ይላል። አንዳንዱ ደግሞ ኃይለ ሚካኤል ድምፁን አብዝቶ ከፍቶት ነው ይላል። እኔን የጠየቀኝ የለም። እኔም አልተናገርሁም።

ነሐሴ 19

የእማሆይ የጭን አጥንት ተሰብሯል፤ ወደ ሞጣ ተጻፈላቸው። ልጅ የላቸውም። አብሬ እሄዳለሁ አልሁ። ይርጋነሽ «እኔም እሄዳለሁ» አለች። እሷ ትውልዷ ሞጣ ነው።

አምቡላንሱ ደብረ ወርቅ ላይ ብዙ ቆመ። ለምን እንደቆምን አንድ ወታደር በመስኮት ነገረኝ። አልያዝሁትም። ራሴን ነቀነቅሁለት። እንደገና ጠየቀኝ መሰለኝ፤ እንደገና ነቀነቅሁ። ይርጋነሽ ከኋላ ተንጠራርታ መለሰችለት። ከዚያ አለፍን።

ነሐሴ 21፣ ሞጣ

እማሆይን አስተኝተዋቸዋል። ስጦታው ሊጠይቀን ሆስፒታል ግቢ መጣ። ዛፍ ሥር ቆመን የሆነውን ነገርሁት።

«ማስነካቱንስ አስነክተኻት ነበር?» አለኝ።

«አታስነካው ብለኸኝ!»

«እኔ?» እጁን ደረቱ ላይ አደረገ። «ሳታስነካው እንዳትተወው ነው ያልሁህ። መስመሩ ስለተቆራረጠ ሁለቴ ደገምሁልህ እኮ!»

«አታስነካው፣ ተወው ነው ያልኸው።»

«አብደሃል እንዴ መንግስቴ? ይህን እኮ ጀማሪ እንኳ አይስተውም። ኤልኢዲም ሲግል ቮልቴጁ ይወርዳል፤ እንደ ዳዮድ ነው፣ መንካት አለበት። አንተ ታዲያ ገረመኝ አትልም? መልሰህ አትደውልም?»

ጮኸን ነበር መሰለኝ፤ በረንዳው ላይ ያሉት አስታማሚዎች ዞረው አዩን።

ይርጋነሽ መጥታ ከፊት ለፊቴ ቆመች። ከንፈሯን ከፍታ፣ ቃሉን ቃሉን እየለየች፦

«ሳታስነካው ነው ያለው። እኔም ከጎንህ ሆኜ ሰምቻለሁ። ስትበይደው ከኋላህ ቆሜ ‹አስነካው ብሎህ አልነበር?› ብዬ ጠይቄህ ነበር። ‹እ?› አልኸኝ። ቀኑን ሙሉ እኮ ነው ‹እ?› የምትለኝ፣ መንግስቴ። አንዱን ነገር ሦስት ጊዜ መናገር ሰለቸኝ። ‹ምንም› አልሁህ። እግዜር ይቅር ይበለኝ፣ ‹ምንም› አልሁህ።»

አለቀሰች። ስጦታው ወደ ሌላ በኩል ዞረ።

የተባለውን ሁሉ ጽፌያለሁ። ከዚህ በላይ የምጨምረው የለም።

ነሐሴ 23

ስጦታው ሳይነግረኝ ካርድ አውጥቶልኝ ጠበቀኝ። ለሐኪሟ ኩክ ይሆናል አልኋት። በመብራት አየችና ጆሮህ ንጹሕ ነው አለችኝ። ከዚያ ከኋላዬ ቆማ ቃላት እንደምትጠራና እየተከተልሁ እንድደግምላት ነገረችኝ። ፊቴን ወደ ግድግዳው አድርጌ እስክትጀምር ጠበቅሁ። ሲቆይብኝ ዞር አልሁ። ጨርሳ ነበር።

ወረቀት ላይ ጻፈችልኝ። የነርቭ ነው። ቀጫጭኑ ድምፅ ነው መጀመሪያ የሚሄደው፤ ወፍራሙ ይቆያል። የሄደው አይመለስም። ባሕር ዳር የጆሮ መሣሪያ ይገኛል፤ መንገዱ ሲከፈት።

«ከድምፅ ማጉያ አጠገብ መሥራት ከጀመርህ ስንት ጊዜህ ነው?» አለችኝ።

ሳላገባ ጀምሬ ነው አልኋት።

ስንወጣ ይርጋነሽ እጄን ያዘች። መንገድ ላይ እጅ መያያዝ ልማዳችን አይደለም። አልተውኋትም።

ነሐሴ 25

ከሞጣ ልንመለስ ስንል እማሆይ አልጋ አጠገብ ተቀመጥሁ። ቀዶ ሕክምናው ደኅና አልፏል። ስለ ኤልኢዲዋና ስለ ስልኩ፣ ስለ ጆሮዬም ነገርኋቸው። ዓይናቸውን ጨፍነው አዳመጡ። ከዚያ ወደ እሳቸው ዝቅ እንድል በእጃቸው ጠሩኝ።

«ለደብሩ ነግረሃል?»

«ገና ነኝ፣ እማሆይ።»

«ታዲያ ለኔ ምን ያደርግልኛል? እኔ ያው ተሰብሬያለሁ። ላልተሰበረው ንገር።»

የማንን ነገር እንደሚሉ አልገባኝም። እሺ ብዬ ወጣሁ።

ጳጉሜን 2፣ ቢቸና

አሁን ገባኝ። ሰበካ ጉባኤው ኃይለ ሚካኤልን ከአምፑ አግልሎታል። ድምፁን ከልክ በላይ ከፍቶ ነው የሰውን ነፍስ አደጋ ላይ የጣለው ተብሏል። ከመዘምራኑም ለጊዜው ውጣ ብለውታል። እናቱ ወደ ገበያ መውጣት ትታለች አለች ስርጉት፤ ይርጋነሽ ናት ደግማ የነገረችኝ።

ዛሬ መንገድ ላይ አገኘሁት። ቆመና የሆነ ነገር አለኝ። አጭር ነው። ድምፁ ዝቅ ያለ ነበር፣ ፊቱም ወደ መሬት። «እሺ» ብዬው አለፍሁ።

ምን ብሎኝ ይሆን? አንተ ነህ ያቃጠልኸው ብሎኝ ከሆነ፣ እሺ ነው ያልሁት።

መስከረም 3

ዘመን ተለወጠ። ጎረቤት ለጎረቤት እንኳን አደረሰህ ሲባባል ዋለ። እሱስ ከከንፈር ይታወቃል።

ልነግር ወደ ደብሩ ሄጄ ነበር። መሪጌታ ተማሪዎቻቸውን ቅኔ እያስቆጠሩ ነው። ልረብሻቸው አልፈለግሁም። ተመለስሁ።

መስከረም 7

ዛሬም ሄጄ ነበር። ዝናብ ያዘኝ። ዝናቡ ግን ሰው የሚመልስ አልነበረም።

ስሜ ይጠፋል። ድምፅ የማይሰማ ድምፅ ጠጋኝ ማን ይፈልጋል? ይህንን ነው የምፈራው፤ ሌላ ምክንያት አልፈልግለትም። የእሱ ስም ግን ጠፍቷል፤ እኔ የምፈራው እሱ ላይ ደርሷል።

መስከረም 12

ነገርሁ።

ጉባኤው ደጀ ሰላሙ ውስጥ ተቀምጦ ነበር። ይርጋነሽን ይዤ ገባሁ። የሚሉትን ፊቴን እያየች ትደግምልኝ ዘንድ ከፊት ለፊቴ አስቀመጥኋት። ሴት በጉባኤ ለምን አለ አንዱ። «ጆሮዬ ናት» አልሁት።

መብራቱም አይደለም፣ ኃይለ ሚካኤልም አይደለም አልሁ። ትራንዚስተሮቹ ሲግሉ ባያሱን መቀነስ የነበረባትን ኤልኢዲ አስገብቼ ከሙቀቱ አርቄ አንጠለጠልኋት፤ በብርድ ሠራች፣ ፀሐይ ሲወጣ ግለቱ ገነፈለ፤ ድምፁ ዝቅ ቢልም ቆይቶ መቃጠሉ አይቀርም ነበር። በስልክ የተነገረኝን በትክክል አልያዝሁም። ጆሮዬ ታሟል።

ሁሉም ባንድ ጊዜ መናገር ጀመሩ። ከመካከላቸው አንድ ወፍራም ሰውዬ ወደ በሩ እያየ የሆነ ነገር ተናገረ፤ ሁለት ሰዎች ሳቁ። ይርጋነሽን አየኋት። አንገቷን ደፋች።

«ምን አለ?»

«ተወው።»

«አትዝለይብኝ፣ ይርጋነሽ። ከእንግዲህ ‹ምንም› አትበይኝ።»

ቀና አለች። «‹ጆሮ የሌለው ድምፅ ከሠራማ ዓይን የሌለውን ዘብ እንቅጠረው› ነው ያለው» አለችኝ።

እውነቱን ነው አልሁ።

መሪጌታ ገብረ ኪዳን መጨረሻ ላይ ተነሥተው ወደ ኃይለ ሚካኤል ሄዱ፤ በር ላይ ቆሞ ነበር። እጁን ይዘው አስገቡት፤ ከጎናቸው አቆሙት። ለጉባኤው ያሉትን ይርጋነሽ ደገመችልኝ፦ «ልጁን ስንከስ ማስረጃ አልጠየቅንም። ይቅርታ ስንጠይቀውም አንጠይቅ።»

አምፑ ለሌላ ሠራተኛ ይሰጥ ተብሎ ተወሰነ። አልተከራከርሁም።

ስንወጣ ኃይለ ሚካኤልን አስቁሜ ያን ቀን መንገድ ላይ ምን እንዳለኝ ጠየቅሁት። ጮክ ብሎ ነገረኝ።

«‹እማሆይ እንዴት ናቸው?› ነው ያልሁዎት።»

መስከረም 21

እማሆይ ተመለሱ። በሁለት ክራንች ነው የሚሄዱት። ቆሞ ማስቀደስ ቀረባቸው፤ ከግንቡ ሥር ዱካ ተደርጎላቸዋል። ልጠይቃቸው ስሄድ ኃይለ ሚካኤል ውኃ ቀድቶላቸው ሲወጣ አገኘሁት።

ከወር በፊት ያመጡልኝን ሬዲዮን ሦስት ሰዎች መጥተው ወሰዱ፤ ሳይጠገን። ሌሎቹ ትተውልኛል። ከእነሱ ጋር ፊት ለፊት ሆነን እንነጋገራለን። ብዙ ነገር እኮ ፊት ላይ አለ፤ ሳላይ ቆይቻለሁ።

መስከረም 28

መሪጌታ መጡ። ኃይለ ሚካኤል አምፑን ተሸክሞ ይከተላቸዋል። የተባለው ሠራተኛ ከፍቶ አይቶ እቃ የለኝም ብሎ መልሶታል።

መሪጌታ ከፊት ለፊቴ ተቀምጠው ጮክ ብለው፦ «ሥራው። ግን ይሻክራል ስንልህ መብራት እንዳታሳየን።»

«አላሳይም፣ መሪጌታ።»

«እሷ ትስማው» አሉ፤ ወደ ይርጋነሽ እያመለከቱ።

ይርጋነሽ «እኔ ስለ ሽቦ ምን አውቃለሁ?» አለች።

«ስለ ሽቦ ማን ጠየቀሽ?» አሏት።

ጥቅምት 4

ስጦታው በአውቶቡስ ሹፌር እጅ ትራንዚስተሮች ላከልኝ። መንገዱ በተከፈተበት በመጀመሪያው ቀን ነው የላከው። በወረቀት «አስነካት!» ብሎ በትልቁ ጽፎበታል። ይርጋነሽ አይታ ሳቀች።

አሉሚኒየሙን በስቼ ኤልኢዲዋን ቀዳዳው ውስጥ ከነቅባቷ ቀረቀርኋት። አምፑን እስኪግል አስጮህሁት። ሙቀቱ ሲወጣ ቮልቴጁ በቴስተሩ ላይ ቀስ እያለ ወረደ። ትራንዚስተሮቹ ላይ እጄን አሳረፍሁ፤ ያስችላል። ፀሐይ ላይ አውጥቼም ሞከርሁት። አልገነፈለም።

ጥቅምት 8

ከሰዓት በኋላ ቤተ ክርስቲያኑ ባዶ ሳለ ሞከርነው። ኃይለ ሚካኤል አምፑ አጠገብ ነው። መሪጌታ ማይኩን ያዙ። ይርጋነሽ ሴቶች የሚቆሙበት ጋ ሄዳ ቆመች።

ኃይለ ሚካኤል ድምፁን ዝቅ አደረገ። መሪጌታ ጀመሩ። ከንፈራቸው ሲንቀሳቀስ አየሁ። ኤልኢዲዋ በርታለች። ቴስተሩ ልክ ነው። ግለቱም ልክ ነው። መፍቻዬን ወደ ቦርሳዬ መመለስ ጀምሬ ነበር።

ይርጋነሽ ራሷን ነቀነቀች፤ አይሆንም።

ሄድሁ። «ምን አለ?»

«ትንሽ ሻካራ አለች።»

«የት ላይ?»

«ቃሉ ሲያልቅ። ልክ ሊያበቃ ሲል።»

ቴስተሩን አላነሳሁም። መብራቷንም አላየሁም። ክዳኑን ፈታሁ። ከኤልኢዲዋ ጋር አንዲት ትንሽ ሬዚስተር በተከታታይ ጨመርሁ፤ ባያሱን በጥቂቱ ከፍ ታደርገዋለች። በየድሁ፣ ከደንሁ፣ ከፈትሁ።

መሪጌታ ያንኑ ቦታ እንደገና ጀመሩ። ከበፊቱም ዝግ አድርገው ነው፤ የጉሮሯቸው እንቅስቃሴ እንኳ አይታይም። ይርጋነሽ ዓይኗን ጨፍና አዳመጠች። ብዙ ቆየች። እኔ እሷን ነበር የማየው። ከዚያ ፊቷ ተፈታ፤ ዓይኗን ሳትገልጥ ራሷን ከላይ ወደ ታች አወዛወዘች።

መሪጌታ አላቆሙም። ኃይለ ሚካኤልም ከጎናቸው ተቀበለ፤ ደረቱ ሲነፋና ሲወርድ አየሁ። ያማረ ድምፅ አለው ይላሉ። እኔ አልሰማሁትም።